ማን ነገረሽ?

ግድግዳው የወደቀው ማክሰኞ፣ አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሐሙስ ሲነጋ አቃቂ በሰቃ ሰፈር ውስጥ ስለዚሁ ግድግዳ ሁለት ወሬ ይዞር ነበር። አንደኛው የሰዓደት ነው። እሷ እንደምትለው፣ ልጇ ነዒማ ሰኞ ከሥራ መልስ ለአጎቷ ምሳ ይዛ ወደ እህል መጋዘኑ ስትገባ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ምሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ የጤፍ ኩንታሎቹ ላይ ጋደም ብሎ ለፈተና የሚያነበውን ወንድሟን ኡመይርን "ተነስ ከዚህ፣ ይሄ ግድግዳ ይወድቃል" አለችው። ልጁ ሳቀ። በሕይወቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ልጅ እጁን ይዛ እያለቀሰች ጎተተችው፤ ዳግመኛ እዚያ እንዳይጋደም እስኪምልላት ድረስም አልለቀቀችውም። በማግስቱ ግድግዳው ኡመይር ሁልጊዜ በሚጋደምበት ቦታ ላይ ተናደ። ለሰዓደት ይህ የአባቷ ከራማ ነው። ወሎ የተቀበሩት አባቷ፣ እንግዳ ገና ከቤቱ ሳይወጣ መምጣቱን የሚያውቁ ሼህ ነበሩ ትላለች፤ ያ ስጦታ አንድ ትውልድ ዘሎ ልጇ ላይ አረፈ።

ሁለተኛው ወሬ የታላቅ ወንድሟ የሐጂ ደርዊሽ ነው። መጋዘኑም፣ ግድግዳውም፣ ጭቃ ውስጥ የቀረው አስራ አራት ኩንታል ጤፍም የእሳቸው ነው። እሳቸው እንደሚሉት፣ ሠላሳ ዓመት የቆመ ግድግዳ ሊወድቅ መሆኑን ምሳ ይዛ የመጣች ልጅ ከመሬት ተነስታ አታውቅም፤ የነገራት ሰው አለ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር በተከለለው ቦታ፣ ጎረቤቱ ሌሊት ሌሊት መሠረት ሲያስቆፍርና አፈሩን የእሳቸው ግድግዳ ላይ ሲያስቆልል ከርሟል። እሳቸው ይህን ያወቁት ግድግዳው ወድቆ ማዶው ሲታያቸው ነው። ጥበቃው ሶሬሳ ግን እዚያው ነው የሚያድሩት፤ እንዴት አልሰሙም? ደግሞስ ቅዳሜ ዕለት አልጋቸውን ከዚያ ግድግዳ ሥር አንስተው ወደ በሩ ያዞሩት ለምንድን ነው? "አፉን አሲዘውታል" ይላሉ ሐጂ። "ልጅቷ ስታሳዝነው ጊዜ ለሷ ሹክ አላት። ለእኔ ዘጋኝ።"

ነዒማን አልጠየቋትም አይባልም። እናቷ "በሕልምሽ ነው?" ብላት ነበር፤ "አይደለም" ስትላት ሰዓደት ነገሩ ከሕልም በላይ መሆኑን ተረዳች። አጎቷ "ማን ነገረሽ?" ብለዋት ነበር፤ "ማንም" ስትላቸው ሰው እየሸሸገች መሆኑን ተረዱ። እሷ የያዘችው ነገር ከሁለቱም ወሬ ያነሰ ነው። በሩ ላይ ቆማ ሳለ ግድግዳው ወድቆ ታያት። ሊወድቅ ይችላል ብላ አላሰበችም፤ ነገሩ ያለቀ ሆኖ፣ ወንድሟ ከሥሩ ሆኖ ነው የታያት። ከየት እንደመጣ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣባታል፤ አንዳንዱ እንዳየችው ይሆናል፣ አንዳንዱ አይሆንም፤ ሲጠይቋት የምትመልሰው ስለማይኖራት ከጊዜ በኋላ ዝም ማለትን ለመደች። ሰኞ ዕለት ዝም ያላለችው ከሥር ያለው ኡመይር ስለሆነ ነው።

ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሐጂ ደርዊሽ ከመስጊድ በቀጥታ ወደ እህታቸው ቤት መጡ። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው፤ መኝታውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ስለሆነ በአንዱ የተነገረ በሌላው ይሰማል። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ገና ከጣሪያው ጫፍ ወደ ባልዲ ይንጠባጠባል። ነዒማ ከመጋረጃው ኋላ የፋብሪካ ጋዋኗን እየቆለፈች ነበር። አጎቷ ሻይ ቀረበላቸው፣ አልጠጡም። ስለ ዝናቡ፣ ኪሎው ሰባ ብር ስለገባው ሽንኩርት ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ሐጂ፣ ሰው እንዳይሰማቸው የፈለጉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቁልፉን ተቀብዬ ሶሬሳን አሰናብተዋለሁ" አሉ።

ሰዓደት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "አስራ አምስት ዓመት ጠብቆልህ?" አለች።

"ከሱ በፊት የነበረው ስድስት ዓመት ቆይቶ አይደል ያዘረፈኝ? በጥበቃ አንዴ ተሞኝቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሞኝም።"

"ሶሬሳ ምንም አልነገራትም እያልኩህ! የአባታችንን ከራማ ለዘበኛ ልትሰጠው ነው?"

ነዒማ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እናቷ የተከራከረችው ለሶሬሳ እንዳልሆነ ገብቷታል። አጎቷም ክፉ ሰው አይደሉም፤ የወንድሟን የትምህርት ወጪ ሁሉ የሚችሉት እሳቸው ናቸው። ግን ሶሬሳ ከመጋዘኑ ሌላ ማደሪያ እንደሌላቸው፣ የአባታቸው እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም እንደቆመበት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ እሷ ሰኞ ዕለት አፏን ስለከፈተች ነው።

"አጎቴ፣ ጋሽ ሶሬሳ አልነገሩኝም።"

"እሺ። ማን ነገረሽ?"

"ማንም" አለች እንደገና። ሐጂ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ወደ እህታቸው ዞሩ፤ "ይኸው" እንደማለት። በዚህ መሃል ፍራሹ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተኛ የመሰላቸው ኡመይር ከነብርድ ልብሱ ቀና አለ። የሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ስልኩ እጁ ላይ ነው።

"ስም አለው" አለ።

"ምኑ?"

"የሷ ነገር። ኢንትሮቨርትድ ኢንቲዩሽን ይባላል።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አለች ሰዓደት ደረቷን ይዛ። "መድኃኒት አለው?"

"በሽታ አይደለም እማ! ዩንግ የሚባል የስዊዝ ሐኪም ነው ያለው። አንዳንዱ ሰው ያየውን እንዳየው ይይዛል፤ ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ቦታውን። አንዳንዱ ደግሞ ያየው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚይዘው። ይሄኛው ሁለት ዓይነት ነው። ፊቱ ወደ ውጭ የሆነው አንድ ነገር አይቶ አስር ዕድል ይታየዋል። እርስዎ ለምሳሌ አጎቴ፣ ባዶ ቦታ ሲያዩ ሱቅ ይታይዎታል፣ ወፍጮ ይታይዎታል፣ ጋራዥ ይታይዎታል።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ ሐጂ ሳይወዱ።

"ፊቱ ወደ ውስጥ የሆነው ግን አስሩን አያይም። ብዙ ጥቃቅን ነገር ሳያውቀው ይገባበታል፤ ውስጥ ሳይታወቀው ይገጣጠማል፤ ከዚያ አንድ ስዕል ሆኖ ይወጣል። ስዕሉን ያገኘዋል፤ ቁርጥራጮቹን አያገኛቸውም። ለዚህ ነው ሲጠየቅ 'እኔ እንጃ' የሚለው።"

"ማለት ያላወቀችውን ነው ያወቀችው?" አሉ ሐጂ።

"ማለት… አይታዋለች። ማየቷን ነው ያላወቀችው።"

ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። "ይሄን ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የምትማረው? ጎረቤቴን ብከሰው፣ ዳኛው 'ምስክርህ ማነው?' ሲለኝ 'የእህቴ ልጅ፣ ግን ማየቷን አታውቅም' ልበል?" ተነስተው ጫማቸውን ማጥለቅ ጀመሩ። አንዱን እግር አስገብተው ቆም አሉ። ፍርድ አዋቂ መሆን የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የገበያው ሰው ሲጣላ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። "ደህና" አሉ ወደ ነዒማ ዞረው፣ ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቶ። "ካየሽው ያየሽውን አምጪልኝ። የሚጨበጥ ነገር። እስከ አስራ አንድ ሰዓት መጋዘን እጠብቃለሁ። ከሌለ ሶሬሳ ይሄዳል።"

ሲወጡ ሰዓደት ከኋላቸው ጮኸች፤ "ለወዳጃው ሴቶቹ የሚመጡትም ያኔ ነው! ነዒማን አታስመሽብኝ!" ለዚህ የዱዓ ስብስብ ትናንት ስኳርና ጫት ተገዝቷል፤ ነዒማ መሃል ላይ እንድትቀመጥ፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ እንዲጠይቃት ተወስኗል። የወሰነችው እናቷ ናት።

ወደ ፋብሪካ ስትሄድ ባጃጅ ውስጥ ጎረቤታቸው ራውዳ ከነዒማ አጠገብ ተቀመጠች። ባሏ ከሊል የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ገና ባጃጁ ሳይነሳ ጎኗን ነካ አደረገቻት።

"ማታ እስክመጣ መጠበቅ አቃተኝ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አግኝቻለሁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በወር ስምንት ሺህ። እስከ ቅዳሜ ካልመለስኩ ለሌላ ይሰጡታል። ልግባ ወይስ ልተወው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ ራውዳ?"

"የሚያውቁት እኮ እንዲህ ነው የሚሉት!" አለች ራውዳ፣ ለሾፌሩ ጭምር እንዲሰማ። ሾፌሩ በመስታወቱ ነዒማን አያት። "እህት" አለ፣ "ስለ ቤንዚን ሰልፍም የሚታይሽ ነገር ካለ…" ሁለቱ ሳቁ። ነዒማ ፋብሪካው በር ላይ የሃያ ብር ኖት ሰጥታው መልሷን ሳትቀበል ወረደች።

ሥራዋ ጨርቅ ፍተሻ ነው። ከሽመና ክፍል የሚመጣው ጨርቅ ከሥሩ መብራት በበራበት ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ላይ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ፈታሿ ከፊቱ ቆማ ታያለች፤ የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ፣ የሳሳ ቦታ ስታገኝ በእግሯ ፔዳሉን ረግጣ ታቆማለች፣ ምልክት አድርጋበት ትለቀዋለች። ስምንት ሰዓት ሙሉ ነጭ ጨርቅ ነው። ብዙዎቹ ሴቶች ዓይናችን አለቀ ይላሉ፤ ነዒማ ግን ሥራውን ትወደዋለች፤ ማንም አያናግራትም። ያን ቀን ጨርቁ ሲፈስስ እሷ ሰኞን ትፈልግ ነበር። ምን አየሁ? ወንድሟን። ኩንታል። ግድግዳ። ከዚያ በላይ ምንም አይመጣላትም፤ በፈለገችው ቁጥር የወደቀው ግድግዳ ብቻ እየመጣ ሌላውን ይሸፍንባታል። ምርር ብሏት እንባዋ ሊመጣ ሲል እግሯ ፔዳሉን ረገጠ፤ ጨርቁ ቆመ። ብታይ ምንም የለበትም።

በሚቀጥለው ጠረጴዛ ያሉት አሰጋሽ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የቆዩት ሴት፣ መነጽራቸውን አውርደው አዩዋት። "ምነው? ለምን አቆምሽው?"

"እኔ እንጃ እትዬ አሰጋሽ። እግሬ ነው ያቆመው።"

"ታዲያ ቆመሽ ምን ታያለሽ? አልፎሻል እኮ። መልሺው።"

የኋሊት ማዞሪያውን ተጫነች። ጨርቁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተመለሰ፤ አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ። ሦስተኛው ላይ ድርና ማጉ የሳሳበት፣ የጥፍር ያህል ቦታ መብራቱን ከሌላው ይልቅ አሳለፈ።

"ይኸው" አሉ አሰጋሽ ሳይገረሙ። "እግር ከዓይን ይቀድማል። ዓይን ከአፍ ይቀድማል። እኔን ጀማሪ ሆኜ አለቃዬ 'ምን አየሽ?' ሲለኝ መልስ አጥቼ አለቅስ ነበር። ኋላ ላይ ገባኝ፤ ቆሞ ማሰብ ምንም አይሠራም። ጨርቁን መመለስ ነው። በመጣበት መንገድ፣ ቀስ ብሎ።"

"መልሰውት ምንም ሳይኖርበትስ?"

"ያማ ሞልቷል! ያኔ 'ተሳስቻለሁ' ብዬ እለቀዋለሁ። ምን አፍራለሁ?"

ስምንት ሰዓት ላይ ፈረቃዋ ሲያበቃ ለኡመይር ደወለች። "መጋዘን ና" አለችው። "ስልክህን ቻርጅ አድርገህ፣ ሰኞ የለበስከውን ልብስ ለብሰህ ና።" ለምን ልብሱን እንዳለችው አልገባትም፤ እሱም አልጠየቃትም። ከፋብሪካው እስከ መጋዘኑ በባጃጅ አልሄደችም፤ ሰኞ በእግሯ ነበር የሄደችው። በዚያው መንገድ፣ በወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በብየዳ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ቀስ ብላ ሄደች። የአቃቂ መሬት ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ከጫማ ጋር ይጣበቃል፣ ሰው ሁሉ በየደጁ ጫማውን ሲፍቅ ይውላል። መጋዘኑ ደጅ ደርሳ እንደ ልማዷ ጫማዋን ደረጃው ጠርዝ ላይ ፋቀች፤ እዚያው ቆም አለች። ከጫማዋ የወጣው ጭቃ ጥቁር አልነበረም። ነጣ ያለ፣ አመድማ ነገር ነው። ሰኞም እዚሁ ደረጃ ላይ ይህንኑ ፍቃለች።

ሶሬሳ ከወደቀው ግድግዳ ፍርስራሽ ውስጥ ደህናውን ጡብ እየለዩ ይደረድሩ ነበር። ሥራ እንዲሠሩ ያዘዛቸው የለም። ያሰሯት ፌስታል በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው።

"ጋሽ ሶሬሳ፣ ይሄ ነጭ አፈር ከየት ነው የሚመጣው?"

ጎንበስ ብለው በጣታቸው አሹት። "ይሄ የላይኛው አይደለም" አሉ። "ዋልካውን ሦስት ሜትር ያህል ስትቆፍሪ ነው የምታገኚው። አባቴ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ይሄ ሲወጣ ውሃ ቀረበ ይሉ ነበር።" ከዚያ መንገዱን አዩ፤ ከጎረቤቱ በር የሚወጣ መኪና ጎማ እየዘራው የሄደውን ነጭ መስመር አዩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የረገጡት መስመር ነው።

በሩን ልትከፍት ገፋችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ሶሬሳ መጥተው በትከሻቸው ከፍ አድርገው ገፉት። "ከፍ ካላደረጉት እንቢ ይላል። ማጠፊያው አዲስ ነው እኮ፣ ሐጂ ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው ያስለወጡት።" ነዒማ ትከሻዋን ነካች። ሰኞ እሷም ምሳውን በአንድ እጇ ይዛ በሩን በትከሻዋ አንስታ ነበር የገባችው። "አልጋዎን ግን ለምን አዞሩ?" ብላ ጠየቀቻቸው። ሶሬሳ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። "ስተኛ አቧራ ፊቴ ላይ ይወርዳል። አፌ ውስጥ ይገባል። አምና ጣሪያው ያፈሳል ብላቸው፣ ሐጂ 'ጥበቃ ነህ ወይስ መሐንዲስ?' አሉኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ የማየውን ለራሴ ነው የማየው። መኪናም ሌሊት ሲመጣ እሰማለሁ፤ ድንጋይ የሚያመጡ መስሎኛል። ገንዘብ ግን፣ በልጆቼ ስም፣ ማንም አልሰጠኝም።"

ኡመይር በዚያው ሰኞ ልብሱ መጣ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ "ቦታህ ላይ ተጋደም" አለችው። ኩንታሎቹ ተነስተዋል፤ ባዶ ጆንያ አንጥፎ፣ የወደቀው ግድግዳ በነበረበት በኩል ሰማይ ከላዩ ሆኖ ተጋደመ። አስቂኝ ነበር፤ ማንም አልሳቀም። ነዒማ ሰኞን እንደ ጨርቁ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ጫማ፣ በር፣ ትከሻ፣ ከዚያ ቀና ስትል ወንድሟ፣ መጽሐፉ፣ ከጭንቅላቱ በላይ…

"ከጭንቅላትህ በላይ ጥላ ነበር" አለች። "ቀጥ ያለ ጥላ። የማይገባው ቦታ ላይ።"

"የምን ጥላ? ከጭንቅላቴ በላይ ካላንደሩ ነው ያለው፤ ያ ትልቁ የባንክ ካላንደር።" ድንገት ተቀመጠ። "ቆይ፣ ቆይ! እሁድ እዚሁ ሆኜ ፎቶ ተነስቻለሁ። ቴሌግራም ላይ ለጥፌዋለሁ፤ 'ፈተና ገደለን' ብዬ።"

ሦስቱም በስልኩ ላይ አጎነበሱ። ኡመይር ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። የራሱ ፊት አፉን ከፍቶ ከስክሪኑ ወጣ፤ ካላንደሩ ቀረ። ላዩ በሚስማሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ታቹ ግን ግድግዳውን አልነካም። አራት ጣት ያህል ርቆ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ ጥቁር ጥላ ጥሏል። ኡመይር ሳይባል ወደ ረመዳን ፎቶዎች ወረደ፤ ሐጂ ለሠራተኞቹ መጋዘን ውስጥ ባስፈጠሩበት ቀን የተነሳ ነው። ያው ካላንደር ከላይ እስከ ታች ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ሶሬሳ ጎልማሳ ሳሉ ለግንበኛ ጭቃ ያቀብሉ ነበር። "ቱንቢ ነው፣ ግንበኛ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያይበት" አሉ በሹክሹክታ። "ካላንደሩ ቱንቢ ሆኖላችኋል። እሱ ቀጥ ብሏል፤ ግድግዳው ነው ወደ ውስጥ ያዘመመው። አፈሩ ከኋላ እየገፋው።"

ሐጂ ደርዊሽ አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ሶሬሳ ሐጂን ሲያዩ ቁልፉን ከነገመዱ ከአንገታቸው አውልቀው በሁለት እጃቸው ዘረጉ። ሐጂ አልተቀበሉም፤ መጀመሪያ ወደ ነዒማ ዞሩ። እሷም እጃቸውን ይዛ ወደ ደረጃው ወሰደቻቸው፤ ነጩን ጭቃ አሳየቻቸው። በጥቂት ቃል ነው የተናገረችው፤ ቀሪውን ሶሬሳ ሞሉላት። ከዚያ ኡመይር ሁለቱን ፎቶዎች አሳያቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ስልኩን ራቅ አደረጉት፣ አቀረቡት። አንዱን አይተው ወደ ሌላው ተመለሱ። ስልኩን መልሰው ወደ በሩ ሄዱ፤ በሩን ለመዝጋት ገፉት፣ እንቢ አለ፤ በትከሻቸው አንስተው ዘጉት፣ አንስተው ከፈቱት። አዲሷን ማጠፊያ በጣታቸው ዳሰሷት።

"ይቺን ስንት ነበር የገዛኋት?"

"ሁለት መቶ ስልሳ ብለውኝ ነበር ሐጂ።"

"የድሮዋ ያረጀች መስሎኝ። ሁለት ሦስቴ ዘይት ቀባኋት፤ በመጨረሻ ተናድጄ ነቀልኳት።" እጃቸውን ማጠፊያዋ ላይ እንዳደረጉ ለጊዜው ቆዩ። "ማጠፊያዋ ምንም አልሆነችም ነበር። ቤቱ ነው የዘመመው። በሩ ለእኔም ነግሮኝ ነበር።"

የኡመይር አፍ ሊከፈት ሲል ነዒማ በክርኗ ጎሰመችው። ሐጂ ወደ ሶሬሳ ሄደው፣ ቁልፉ ያለበትን የተዘረጋ እጅ በእጃቸው መልሰው ጨበጡት። "ያዘው" አሉ። ከዚያ፣ ድምፃቸው ትንሽ ሻክሮ፣ "ለምን አልነገርከኝም ግን፣ ሶሬሳ?"

"መሐንዲስ አይደለሁም ሐጂ።"

ሐጂ አምና በሶሬሳ የሳቁትን ሰዎች ሁሉ፣ መጀመሪያ የሳቁትን ራሳቸውን ያስታወሱ መሰሉ። "እንግዲህ ሁን" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ ሹሜሃለሁ። ደሞዙን ግን ከኢንጂነሮቹ ጋር እንዳታወዳድረው።" ሶሬሳ ፊታቸውን ወደ ፍርስራሹ አዙረው ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነዒማ ሳቅ ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠረች። ቁልፉን አንገታቸው ላይ መልሰው ፌስታላቸውን ፈቱ። ውስጧ አንድ ሹራብ፣ አንድ ባትሪና የልጆቻቸው ፎቶ ነበረ። ነዒማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ቤት ሲደርሱ ሳሎኑ ሞልቷል። ዘጠኝ ሴቶች ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል፤ የጫቱ እንጨት አንድ ጥግ ተቆልሏል፤ መሃል ላይ ለነዒማ የተነጠፈላት ትራስ ባዶውን ይጠብቃታል። ሐጂ በር ላይ ቆመው ለእህታቸው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ሰዓደት እስከ መጨረሻው ሰማች። ሶሬሳ እንደማይሄዱ ስትሰማ "አልሃምዱሊላህ" አለች፣ ከልቧ ነው። ካላንደሩ ላይ ሲደርሱ ግን ቅር አላት።

"ካላንደር? የባንክ ካላንደር?" አለች። "የአባታችን ከራማ ካላንደር ሆኖ ቀረ?"

ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። ሐጂም ፈገግ አሉ፤ ግን እህታቸውን ሰው ፊት ሊያሳፍሯት አልፈለጉም። "ካላንደሩን እኔም በየቀኑ አየው ነበር" አሉ። "ቀኑን ብቻ ነው ያነበብኩበት። እንዲህ የሚያይ ዓይን የሰጣት ማነው ታዲያ? ዓይንም ከአላህ ነው ሰዓደት።" ሰዓደት ይህን ትንሽ አሰበችበት። ልትቀበለው የምትችለው ነገር መሰላት፤ ነጠላዋን አስተካክላ ለወንድሟ ቦታ ለቀቀችለት።

ራውዳ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጥያቄዋን ይዛ ነው የዋለችው። "ይሁን" አለች፣ "ከራማም ይሁን ዓይን፣ እኔ ቅዳሜ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ልጆቼን ይዤ ልግባ ወይስ ልተወው? አንድ ቃል ብቻ በይኝ።"

ሁሉም ወደ ነዒማ ዞሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን "እኔ እንጃ" ብላ መጋረጃውን ገልጣ ትገባ ነበር። ኡመይር በር ላይ ተደግፎ ያያታል። ትራሱ ላይ አልተቀመጠችም። የፋብሪካ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ነጩ ጭቃ ጫማዋ ላይ እንዳለ፣ በሩ አጠገብ ቆማ ተናገረች፤ እስከ ወዲያኛው ክፍል ድረስ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

"እዚህ ተቀምጬ ለማንም አንድ ቃል አልናገርም። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ እወጣለሁ፤ ራውዳ፣ ኮዬ ፈጬ አብረን እንሄዳለን። አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግሬ እወጣለሁ፣ በሩን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ቧንቧውን እከፍታለሁ፣ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ። ደስ ካላለኝ ደስ አላለኝም እልሻለሁ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ እስክናገኘው ድረስ በመጣንበት መንገድ መልሰን አብረን እንፈልጋለን። ካጣነው ደግሞ ተሳስቻለሁ እላለሁ።"